ፊልሞቻችን ወደ ኤችዲ የተቀየሩ ጊዜ

ባለቤቴ ሹፌር ነበር። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ቡሬ ሲመላለስ ነው ዕድሜው ያለፈው። እኔ እዚሁ ፍኖተ ሰላም አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬያለሁ። እሱ መሪውን ካስረከበ ወዲህ ቤት መዋል ከበደው። ጓሮውን ቆፈረ፣ አጥሩን አደሰ፤ እሱም ሲያልቅበት ወደ ፊልሞቹ ተመለሰ።

ፊልም ስል የህንድ ፊልም ማለቴ ነው። በወጣትነቱ ባሕር ዳር ባደረ ቁጥር ሲኒማ ቤት ይገባ ነበር። ቋንቋውን አይሰማም፤ ግን ማን ማንን እንደበደለ፣ የትኛው ልጅ ከእናቱ እንደተለየ አያመልጠውም። ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት አንዲት ፊልም አለች፤ በጎርፍ የተለያዩ እናትና ልጅ ሲፈላለጉ የምታሳይ። ከገበያ በተገዛ ተራ ሲዲ ስንት ጊዜ እንዳየናት ቆጥሬው አላውቅም። እናትየዋ ልጇን ሳታውቀው ውሃ የምታጠጣበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይህችኑ ፊልም ከፍቶ ትንሽ እንዳየ፣ “ይህ ሲዲ አርጅቷል” አለኝ። “ሰዉ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል።”

ሲዲውን አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁለት። መልሶ ሲያየው ያው ነው። ለእኔ ግን ድሮም እንዲሁ ነበር፤ ትንሽ ደብዘዝ ያለ፣ ግን የሚታይ።

ልጃችን ዓረብ አገር ነው የምትሠራው። በስልክ ሲነግራት ሳቀችና፣ “አባዬ፣ አሁንማ የድሮዎቹ ፊልሞች በኤችዲ ዲስክ ወጥተዋል፤ ጥራታቸው ሌላ ነው። ህንዶቹ ሱቅ ሞልቷል፣ ከነማጫወቻው እልክልሃለሁ” አለችው። እንዳለችውም ለፋሲካ ወደ ቡሬ በምትመለስ ጓደኛዋ እጅ ላከች። ባለቤቴ ራሱ ቡሬ ሄዶ ተቀብሎ፣ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ መጣ።

ከሰዓት በኋላ አያይዞት ተቀመጥን። እኔ ደነገጥሁ ማለት እችላለሁ። የእናትየዋ ቀሚስ አረንጓዴ መሆኑን የማውቀውን ያህል፣ ጥለቱ ላይ የተጠለፉ ትንንሽ ወፎች እንዳሉ አላውቅም ነበር። ጎርፉ ሲመጣ ውሃው የሚገፋው ገለባ ሳይቀር ይታያል።

“እህሳ?” አልሁት።

“ይሻላል” አለ። “ግን ልጅቱን አታለዋት እንዳይሆን እፈራለሁ። ጭጋጉ እንዳለ ነው።”

“እኔ እንኳ ጭጋግ አይታየኝም።”

“አንቺ ነገር አይከብድሽም።”

ለልጃችን ግን፣ “እጅግ ያማረ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ” አላት። እሷም ደስ ሲላት የሠርጋችንን ካሴት አስታወሰች፤ እሱም ኤችዲ ይሁን አለች። ከካሴቱ ወደ ተራ ሲዲ ካስገለበጥነው ቆይቷል። አሁን ደግሞ ባሕር ዳር አንድ ፎቶ ቤት ወስደን በኤችዲ አሠራነው። እሱንም አይቶ ራሱን ነቀነቀ። “ይህም ያው ነው” አለ። ልጃችን ይህን ስትሰማ፣ “እንግዲያው ቴሌቪዥኑ ነው ያረጀው፤ ትልቅ እልካለሁ” ብላ ተነሣች።

በዚህ መሀል የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከቡሬ ወዲያ ካለው አገራቸው መጡ። በሬ ሸጠው እግረ መንገዳቸውን ሊጠይቁን ነው። ምሳ በልተን እንደጨረስን ባለቤቴ አዲሱን ማጫወቻ ሊያሳያቸው ፊልሙን ከፈተ። ሽማግሌው በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው አዩ።

“ጋሼ፣ እንዴት ነው፣ ይታይዎታል?” አለ ባለቤቴ።

“ይታየኛል እንጂ። ያ የቆመው ሰውዬ የደረቱ ቁልፍ አንዱ ወልቋል።”

ባለቤቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አለ፤ ደግሞ ጠጋ አለ። ወንድምየው ቴሌቪዥኑን ትተው እሱን ማየት ጀመሩ።

“ወንድምዓለም” አሉት በለሆሳስ፣ “እኔም ዐምና ማሳዬን ጉም አልለቅ ብሎት ነበር። ፀሐይ እየወጣ እንኳ ጉሙ አልተነሣም። ለካ ጉሙ ያረፈው ማሳው ላይ አልነበረም።”

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወንድምየው ሞራ ጋርዷቸው ዓይናቸውን ተሠርተዋል፤ ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቴም ገብቶታል። ፊቱ ተለወጠ።

“እኔ በዚህ ዓይን ነው ሰው ጭኜ የኖርሁት” አለ። “አንድ ነፍስ ሳላጠፋ። ይህን ዓይን ነው የሚሉኝ?”

“ዓይንህን አልሰደብሁም። ደክሞ እንደሆን ብዬ ነው።”

ከዚያ በኋላ ስለ ከብት ዋጋና ስለ ዝናቡ ብቻ ተጫወቱ። ወንድምየው ሲሄዱ ባለቤቴ እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው፤ ተመልሶ ግን በቀጥታ ወደ ጓሮው ገባ። እኔም አልነካሁትም። ሹፌር ዓይኑ እንጀራው ነው፤ ደከመብህ ሲሉት አብሮ የሚነካበት ብዙ ነገር አለ። መንዳት የተወው ወገቡ ስላስቸገረው ነው እንጂ ማንም አስወጥቶት አይደለም። አሁን የዓይኑ ነገር ሲነሣ ያንንም ክብሩን የሚወስዱበት የመሰለው ይመስለኛል።

በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፊልሙ ተከፍቷል። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ቀኝ እጁን አንሥቶ አንዱን ዓይኑን ሸፈነ፤ ቆየ። እጁን አውርዶ በግራው ሌላኛውን ሸፈነ። እንዲህ እያፈራረቀ ብዙ ጊዜ አየ። እናትየዋ ውሃ የምታጠጣበት ቦታ መጥቶ ሲያልፍ ጉሮሮውን አልጠራረገም። ወደ ኋላ ተመልሼ፣ የበሩን ብረት ሆን ብዬ አንቋቁቼ እንደ አዲስ ገባሁ።

እራት ላይ፣ “ለልጅቱ ደውዪላት፤ ቴሌቪዥን እንዳትገዛ” አለኝ።

“ምን ልበላት?”

“አባትሽ ዓይኑን ሊታይ ነው በያት።” እንጀራውን ቆርሶ ሳይጎርሰው ቆየ። “በግራው ምንም የለም። ብርሃን ብቻ ነው። መቼ እንደሄደ እንኳ አላውቅም።”

እጁን ያዝሁት።

ባሕር ዳር ሐኪሞቹ አይተው፣ የሁለቱም ዓይን ሞራ ነው፣ ግራው የባሰ ነው አሉን። ግራውን ተሠራ። በማግሥቱ ፋሻው ሲፈታ አጠገቡ ነበርሁ። መጀመሪያ ያየው መስኮቱን ነው፣ ከዚያ እኔን። ብዙ አየኝ።

“ፀጉርሽ እንዲህ ሸብቷል እንዴ?”

“ከሸበተ ቆየ።”

“ያምርብሻል” አለ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ፋሻውን የፈታችለት ሐኪም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

በሚኒባስ ስንመለስ መርዓዊ አጠገብ የቆጋ መስኖ ስንዴ አረንጓዴ ሆኖ ተነጥፏል። ዱርቤቴን እስክናልፍ ድረስ የሱቁን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ሹፌሩን አሰለቸው። ሹፌሩ ግን መንዳት ድሮ የእሱም ሙያ እንደነበር ሲሰማ ጋቢና አስቀመጠው።

ቤት እንደገባን ጥቂት ቀን አርፎ ሁሉንም ዲስክ አወጣ። ፊልሟን መጀመሪያ በተራው ሲዲ፣ ቀጥሎ በኤችዲው አየ። እስከ መጨረሻው። ከዚያ ሠርጋችንን እንደዚያው በሁለቱም አየ። እናቱ ከዳሱ ሥር ተቀምጠው የሚያጨበጭቡበት ቦታ ላይ አቆመው።

“ነይ እስቲ” አለኝ። “ኤችዲው ላይ የእናቴ አንገት ንቅሳት የታለ?”

እውነትም የለም። ፊታቸው ጠርቶ፣ እንደ ሻማ ለስልሶ፣ መስመሩ ሁሉ ጠፍቶ ንቅሳቱም አብሮ ሄዷል። በተራው ሲዲ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል፤ ንቅሳቱ ግን ደብዝዞም ቢሆን አለ።

ማታውን ለልጃችን ደወለላት። “የህንዱ እውነትም ሌላ ነው። እስከዛሬ ፊልሙን አላየሁትም ማለት ይቻላል። እሱ መጀመሪያውኑ በደንብ የተነሣ ነው፤ ተራው ሲዲ ነው ያጎደለበት። የእኛ ካሴት ግን ያላየውን ከየት ያመጣል? አስውቡት ሲባል የሌለ ፊት ሠሩለት።”

“በከንቱ ነዋ ያሠራሁት” አለች ልጃችን። ከድምፅዋ ቅር ያላት ይመስላል።

“ከንቱ አይደለም። ማጫወቻውን ባትልኪልኝ ኖሮ እስከዛሬ ሲዲ ሳስጠርግ እኖር ነበር።”

ሳቀች፤ ቀጥሎ ስታለቅስ ሰማናት። ዓይኑ እንደ ሄደ ባለማወቋ ነው ያዘነችው። እኔም አብሬው እየኖርሁ አላወቅሁም፣ እሱ ራሱም አላወቀም ብዬ አጽናናኋት።

ቀኙ ዓይኑ ከክረምቱ በኋላ ተሠራ። ጥር ላይ ልጃችን ለዕረፍት መጣች፤ መናኸሪያ ልንቀበላት ወጣን። አውቶቡሱ ገና አቧራውን እያስነሣ ሲገባ እኔ ከመስኮቶቹ የቱ ጋ እንዳለች ስፈልግ፣ እሱ፣ “ያችውላት፣ ከሹፌሩ ኋላ ነች፤ ከስታለች” ብሎ ጥሎኝ ሮጠ።