የሪድዋና ላፕቶፕ እንዳይግል የወጣ ዐዋጅ

ለሰፊው ሕዝብ፣ በተለይም ተነግሮት ለማይሰማው።

በአል ዓይን ከተማ፣ አል ቃጣራ ሠፈር፣ በአንድ ቪላ ጓሮ ከማድቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የምትኖረው የሪድዋና ሰይድ ላፕቶፕ፣ ከመጪው ዓርብ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት እንዳይግል፣ ቢግልም እንዳይጠፋ ታውጇል። ዐዋጁን ያወጣችው ራሷ ሪድዋና ናት። የምታስፈጽመውም እሷው ናት፤ ሌላ መንግሥት የላትም።

ሪድዋና የወሎ፣ የቃሉ ልጅ ናት። ስድስት ዓመት የማዳም ወጥ ቤት ሆና ስትሠራ፣ ከምሳ በኋላ ባለችው የዕረፍት ሰዓት የምግብ ንጽሕና ተቆጣጣሪነት በኢንተርኔት ተማረች። ካለፈች አንድ ሆቴል ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። ካላለፈች ከማዳም ጋር የሁለት ዓመት ውል ትፈርማለች። ፈተናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ በካሜራ እየታየች ነው የምትፈተነው፤ ኮምፒውተሩ መሐል ላይ ከጠፋ እንደወደቀች ይቆጠራል። አንዴ ጠፍቶባታል፤ በአርባኛው ደቂቃ፣ ስለ ጥሬ ዶሮ እየጻፈች ሳለ። የቀራት አንድ ዕድል ብቻ ነው።

ላፕቶፑ የማዳም ልጅ ሳሊም ብርድ ልብስ ላይ ዘርግቶ ዓመታት ጌም የተጫወተበት፣ አዲስ ሲገዛ የወረወረላት ነው። የሀብታም ልጅ ቸርነት መቼም የታወቀ ነው፤ ዕቃውን ከነበሽታው ይለግስሃል።

ለአክስቷ ልጅ ለሙርሺድ ደወለች። ሙርሺድ አቡ ዳቢ፣ አል ናህያን ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ የጥገና ሠራተኛ ነው።

«ኤሲው አፍ ላይ ደቅኚው» አላት።

«ደቀንኩት። ክፍሉም በረደ፣ እኔም በረደኝ፤ እሱ ግን ያው ነው።»

«እንግዲያው ከሥሩ የሚቀመጥ ማቀዝቀዣ ግዢለት። ፋን ያለው ሰሌዳ ነው። መብራት ያለውን ምረጪ፣ መብራት ያለው ይበረታል።»

ሙርሺድ በቀን ስምንት ኤሲ ይጠግናል። አንዱም መብራት ስላለው ሲበረታ አይቶ አያውቅም። ግን ምክር ነው፣ ምክር ደግሞ ማስረጃ አይጠየቅም።

ሪድዋና ላፕቶፑን በሆዱ አስተኝታ፣ ዳር ዳሩን በእስክሪብቶ እየዞረች ልኩን መጋገሪያ ወረቀት ላይ አነሳች። ቀጥላ አበራችውና ጎኑን ከፍ አድርጋ፣ ቁራጭ ሶፍት ከሥሩ ካሉት ቀዳዳዎች አጠገብ ያዘች። ሶፍቱ የሚሳበው ከኋላ በኩል ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ብቻ ነበር። አየር የሚገባው እዚያ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ቦታ ወረቀቷ ላይ አከበበች። በዕረፍት ቀኗ ወረቀቱን ጠቅልላ አቡ ዳቢ በአውቶቡስ ወረደች። ሙርሺድ ተቀብሎ አል ዛሂያ፣ ሐሰን የሚባል የደሴ ሰው የኮምፒውተር ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰዳት።

ሐሰን አምስት ፋን ያለው፣ ሰማያዊና ቀይ የሚያብለጨልጭ ሰሌዳ ዘረጋ።

«የመጨረሻው ይኼ ነው፣ እህቴ።»

«አላልኩሽም?» አለ ሙርሺድ።

ሪድዋና ወረቀቷን ፈታች።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለ ሐሰን።

«የሆዱ ልክ ነው።»

«ቀሚስ ልታሰፊለት ነው እንዴ?»

ወረቀቱን ሰሌዳው ላይ አነጠፈችው። አምስቱም ፋኖች መሐል ላይ ተኮልኩለዋል፤ የላፕቶፑ ቀዳዳዎች ደግሞ ዳር ናቸው።

«አምስቱም የሚነፉት ደረቅ ፕላስቲክ ላይ ነው» አለች።

«አየሩ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ወላሂ።»

«እኔ ከአል ዓይን የመጣሁት አየሩ እንዲፈልግ አይደለም። ሌላ አምጣ።»

ስድስት አስወጣችው። ሰባተኛው ጥቁር፣ ፊቱ የሽቦ ወንፊት የሆነ፣ ከኋላ በኩል ሁለት ሰፋፊ ፋን ያለው ነበር። ክቦቿ ከፋኖቹ ጋር ገጠሙ። ሰካችውና ሶፍቷን ጣል አደረገችበት፤ ሶፍቷ ተነስታ የሙርሺድን አገጭ መታችው።

«ይኼን ስጠኝ።»

«ይኼ እኮ አያምርም» አለ ሐሰን።

«ልፈተንበት ነው እንጂ ልዳርበት አይደለም። ኸላስ፣ ጠቅልልልኝ።»

እዚህ ላይ ጀግናችንን አወድሰን ብንጨርስ ደስ ባለን። ግን አገርህን ታውቀዋለህ፤ ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮኑ፣ ፍሪጁ፣ አንዱም ዳንቴል ሳይለብስ ራቁቱን አይውልም። ሪድዋናም ላፕቶፑን ከተሰጣት ቀን ጀምሮ በገዛ እጇ የሠራችውን ነጭና አረንጓዴ ዳንቴል አንጥፋ ነበር የምታስቀምጠው። ለልክና ለሶፍት ሙከራው አንስታው ነበር። አዲሱ ሰሌዳ ሲመጣ የሽቦው ወንፊት እንዳይጭረው ብላ መልሳ መሐላቸው አነጠፈችው። የአየሩን በር ለክታ፣ ፈልጋ፣ አግኝታ፣ ዘጋችው።

እሁድ የልምምድ ፈተና ጀመረች። በሃምሳኛው ደቂቃ ድርግም አለ።

«መብራት ያለውን ብትገዢ ኖሮ…» አለ ሙርሺድ በስልክ።

«መብራቱን ተወው። ኤሲ አላቀዘቅዝ ሲልህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ፊልተሩን አውጥቼ አጥባለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደፍነው አቧራ ነው።»

ሪድዋና ዳንቴሉን አየችው።

«ሙርሺዴ፣ አልብሼዋለሁ።»

«ምን አለበስሽው?»

«ዳንቴል። ከሥሩ።»

ሳቁ አልቆም አለው። «ልዳርበት አይደለም አላልሽም ነበር? ሙሽራ አድርገሽው አረፍሽ።»

«ሳቅህን ስትጨርስ እንዴት እንደሚከፈት ንገረኝ።»

ሰኞ ማዳም ቀን ስትተኛ፣ ላፕቶፑን አጥፍታ ከሶኬት ነቀለችው፤ ከሾፌሩ በተዋሰችው ትንሽ ካቻቢቴ አሥሩን ብሎን ፈታች። ሙርሺድ በቪዲዮ እያየ ይመራታል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በስቴኪኒ ያዘችውና፣ ዳቦ ላይ እንቁላል ለመቀባት የተገዛ፣ ገና ያልተነካ ብሩሽ አነሳች። ከፋኑ ጀርባ እንደ ምንጣፍ የደደረ ነገር ወጣ። ከታች የሳሊም ብርድ ልብስ ጸጉር፣ መሐሉ ላይ የአል ዓይን አሸዋ፣ ከላይ ነጭና አረንጓዴ ክር። ጎብኚዎች የአል ቃጣራን ጥንታዊ ምሽግ ፎቶ ሲያነሱ ይውላሉ፤ ታሪክ ንብርብሩን ጠብቆ የተገኘው ግን እዚህ ማድቤት ጀርባ ነው።

«ያው ፊልተር ነው» አለ ሙርሺድ፣ እንደ ግኝት። ስምንት ኤሲ በቀን።

ማክሰኞ ዳንቴሉን አንስታ፣ ሰሌዳውን ሰክታ ሁለት ሰዓት ከሩብ አሠራችው። እጇን ብታሳርፍበት እንደቆየ ሻይ ብርጭቆ ለብ ብሏል።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ውጭው ይነድ ነበር። አርባኛዋ ደቂቃ ስትደርስ እጇ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ስክሪኑ አልጠፋም፤ ቀጠለች። ሃምሳኛዋም አለፈች። አሥር ሰዓት ሲሞላ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነች፣ ማለፏንም እዚያው አነበበች። ላፕቶፑ የጠፋው እሷ ራሷ ስታጠፋው ነው።

ዳንቴሉን ለሙርሺድ ቴሌቪዥን ላከችለት። ሆቴሉ ከመጪው ወር ጀምሮ ይጠብቃታል።

አሁን አንተ አንባቢ፣ ያንን ላፕቶፕህን ካስተኛህበት ትራስ ላይ ብድግ አድርገው። አንዲት ቁራጭ ሶፍት ወስደህ ከሥሩ ቀዳዳ አጠገብ ያዝ። ሶፍቷ ካልተሳበች ግን፣ እባክህ ዳንቴሉን አውልቅለት።