ሽማግሌው የዞሩበት ጎን

ሥራዬ የችሎት ድምፅ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሶዶ ውስጥ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ውጭ ይህ ሥራ መሆኑን የሚያምነኝ የለም። «ሌላው የተናገረውን መጻፍ ምን ያቅታል?» ይሉኛል። እስቲ ይሞክሩት። ሰው ሲናገር አራት ነጥብ የለውም።

የአንድ የቦዲቲ ሽማግሌ ምስክርነት ግን ከሁሉም የባሰ ራሴን አዞረው። ክርክሩ ባሏ በሞተባት ሴት የእንሰት ማሳ ላይ ነው። የባሏ ታላቅ ወንድም «ሊሞት ሲል ለእኔ ሰጥቶኛል» ይላል። ከሁለቱ ወንድማማቾች ሌላ ሟቹ አልጋ አጠገብ የነበሩት እኚህ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። እሳቸውም በአፍ መፍቻቸው ሳይሆን በአማርኛ ካልመሰከርኩ ብለው፣ በእርቅ ሸንጎ እንደለመዱት የሁለቱንም ቃል በአንድ ትንፋሽ አወረዱት፦

«ወንድሜ እንዴት ነህ ደክሞኛል እኔ ታላቅ ነኝ መሬት እኔ ልያዝ ሚስትህ አባቷ ቤት ትሂድ ዝም ተባለ እሺ ወንድሜ ያንተ ነው ከዚያ ጸለይን»

«እሺ ወንድሜ ያንተ ነው» ያለው ማነው? ሟቹ ከሆነ ማሳው ሄደ። ታላቅየው ከሆነ ሴትየዋ ተረፈች። ትምህርተ ጥቅሱን አንዴ እዚህ አስገባለሁ፣ አንዴ እዚያ። ደጋግሜ ሰማሁት፤ ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል እንጂ የሽማግሌው ድምፅ አይለወጥም። ችሎት አስከባሪውን ጠየቅኩት።

«የታላቅየውን ሲናገሩ ወደ ቀኝ፣ የታመመውን ሲናገሩ ወደ ግራ ይዞሩ ነበር እኮ» አለኝ።

«እዚህ ጋ ታዲያ ወዴት ዞሩ?»

አላስታወሰም። መቅጃው ደግሞ አንገት አይቀዳም። ያዩት ዳኛ ተዛውረዋል፤ አዲሱ ዳኛ የሚያነቡት የእኔን ወረቀት ነው። ሽማግሌውም ከዚያ ወዲህ ታመው አፋቸው ተይዟል። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። በመጨረሻ አንድም ምልክት ሳላደርግ ተውኩት።

ሴትየዋ ግልባጩን ልትወስድ መጣች። ማንበብ ስለማትችል እንዳነብላት ለመነችኝ። እዚያ ቦታ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«ይሄን ያለው ባሌ ነው?»

«አላውቅም እህቴ።»

«አንተ ጽፈኸው?»

«እኔው ጽፌውም።»

ወረቀቱን ተቀብላ አጣጠፈችው።

«እነሱ ሲነጋገሩ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር» አለች። «ችሎትም ላይ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ሳለቅስ ሽማግሌው ወዴት እንደዞሩ አላየሁም። መሬቱንስ ይውሰደው። ባሌ ሳያስበኝ ሞቶ እንደሆነ ግን ካንተ እሰማለሁ ብዬ ነበር።»