ያልተቀመጥኩበት ወንበር

ባለፈው ቅዳሜ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ጠባብ ቁምጣ ያደረጉ ብስክሌተኞች ከቦዲቲ በኩል መጡ። አንደኛው ወርዶ እግሩን ከፈት ከፈት እያደረገ ሲራመድ ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም፤ ያንን አረማመድ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ኢሕአዴግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ወላይታ፣ ቢጠና በምትባል ከተማ በግብርና መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አባቴና እናቴ ቀድመው አርፈዋል። ማታ በተከራየኋት ክፍል ከሬዲዮ በቀር የሚያነጋግረኝ አልነበረም። እሑድ ሰው ሁሉ ከአምልኮ ወጥቶ በየቤቱ ሲገባ፣ እኔ ያለ ምክንያት ገበያውን እዞራለሁ። ብቸኝነቱ ሆድ ይበላ ነበር።

ዘነበችን ያወቅኋት ሶዶ ለሥልጠና በሄድኩበት ጊዜ ነው። ሳቂታ ነበረች፤ ከእሷ ጋር ስሆን እኔም ተጫዋች የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ላገባት ፈለግሁ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ግን አባቷ ጋሽ አንጁሎ ሶዶ ቤታቸው ጠርተው ሊያዩኝ ፈለጉ። እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸው እሺታ ከሌለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

መስከረም ነበር፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል። መኪና ስላልተገኘ የጎረቤቴን ብስክሌት ተዋስኩ። ኮርቻው እንደ ድንጋይ የደረቀ ነው።

«ለሩቅ መንገድ እንዲህ ነው የሚሻልህ» ብሎ ጎረቤቴ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጠውን ወፍራም ስፖንጅ በገመድ አሰረልኝ።

መጀመሪያ ላይ ተመቸኝ። ቦዲቲ ሳልደርስ ግን ዝናብ መታኝ። ስፖንጁ ውሃ ጠጥቶ በረገጥኩ ቁጥር ከሥሬ ይንሸራተታል፤ ገመዱ ደግሞ ጭኔን ይልጠኛል። ቁልቁለቱን ቆሜ ነዳሁ፣ ዳገቱን ወርጄ ገፋሁ። የእንሰቱ ቅጠል ታጥቦ ያበራል፤ የበዓል ሰሞን ስለነበር ከየቤቱ የተነጠረ ቅቤ ይሸታል። እኔ ግን ስለ ተላጠው መቀመጫዬ ብቻ ነበር የማስበው።

«ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ ቤታቸው ስደርስ ጋሽ አንጁሎ፣ የእንጨት ወንበር እየሳቡ።

«ብቆም ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

«ቆሞ የሚጫወት እንግዳ አለ እንዴ? ምን አስቸኮለህ?»

ዘነበች የተቀቀለ ጎደሬና የበርበሬ ዳጣ ይዛ ገብታ በዓይኗ ተቀመጥ አለችኝ። እናቷም በር ላይ ቆመዋል። በእነሱ ፊት ስለ መቀመጫዬ እንዴት ላውራ? ጥርሴን ነክሼ ልቀመጥ ስል ጋሽ አንጁሎ «መጀመሪያ እንጸልይ» ብለው ተንበረከኩ። እኔም ተንበረከክሁ። እፎይ! ኮርቻም ወንበርም የለበትም።

«አሜን» ተባለና ሁሉም ተነሡ። እኔም ልነሣ ስል ሱሪዬ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ኖሮ እንደ እሳት ለበለበኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ መልሼ ተንበረከክሁ።

«ተዉት፣ ጌታ እየነካው ነው» አሉ ጋሽ አንጁሎ በሹክሹክታ። እናትየው «ጦሳው!» ብለው በወላይትኛ አምላክን ጠሩ። ሽማግሌው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩ።

«ልጄ፣ አንተ ለአገልግሎት የተለየህ ነህ። ቆላው ወንጌላዊ ይፈልጋል። የትዳሩ ነገር ይቆይ፤ መጀመሪያ የጌታን ፈቃድ እንጠብቅ።»

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ...»

«ምንም አትበል። እሺ ብቻ በል።»

እሺ አልኩ። በማግስቱ እሑድ ስለ እኔ በጉባኤ ፊት መስክረው ኖሯል። ከዚያ በኋላ እውነቱን ማውራት የተከበሩትን ሰው መሳቂያ ማድረግ ሆነብኝ። የጌታ ፈቃድ ሲጠበቅ፣ ሲጠበቅ፣ ዘነበች ለአንድ የቦዲቲ ነጋዴ ተዳረች። እኔ ወንጌላዊም አልሆንኩ፣ ባልም አልሆንኩ።

አምና ጋሽ አንጁሎ ሲያርፉ ለቅሶ ደረስኩ። ዘነበች ሸብታለች። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ ያን ቀን የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሌላ ሴት ወስዳህ ቢሆን እታገላት ነበር» አለችኝ። «ከጌታ ጋር ግን እንዴት ልጣላ?»

ለካ ያኔ እሷም እንደ እኔ ብቻዋን ቀርታ ኖሯል። ማንንም አልወቅስም፤ ጋሽ አንጁሎም ያዩትን ነው ያመኑት። ግን ቤቴ ጭር ሲል፣ ያን ቀን ደፍሬ «አሞኛል» ብል ኖሮ እላለሁ። ቢበዛ ይሳቅብኝ ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅብኝ ነበር፣ እስከ ዛሬ።