ጌታቸው ተስፋዬና ሰለሞን ተስፋዬ

ካርታ አይዋሽም ይላሉ። ይዋሻል፤ እኔ ራሴ ቀለም ቀብቼው ዋሽቷል።

ባለፈው ሳምንት ከአምስተርዳም ወደ ሮተርዳም በሚሄደው ባቡር ላይ የእህቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች በየትኛው አገር መጋባት እንደሚችሉ የሚያሳይ ካርታ ነው። "አንተ፣ እየው፤ እዚህ አገር እኮ ነገሩ አልቋል" አለችኝ። እዚህ ስላደገች አንቱታ አታውቅም፤ እኔም ማረሙን ከተውኩት ቆይቷል። አልቋል ያለችው ግን አልተዋጠልኝም።

ወጣት ሳለሁ የዚያን ካርታ አያት ሠርቻለሁና። ሄግ ውስጥ ሕግ እየተማርኩ፣ ላክ ሰፈር አጠገብ አንድ ትንሽ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ የየአገሩን ሕግ እያነበቡ የግድግዳውን ካርታ ማቅለም ነው፤ ጋብቻ ለሚፈቅድ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላ ዓይነት ምዝገባ ላለው ውኃ ሰማያዊ፣ ምንም ለሌለው ነጭ፣ ለሚያስረው ግራጫ። ጥቁር ሰማያዊው እርሳስ ብዙም ሥራ አልነበረውም፤ ግራጫው ግን በሳምንቱ አለቀብኝ። የትውልድ አገሬንም የቀባሁት በእሱ ነው። ሆላንድን ጥቁር ሰማያዊ ስቀባት፣ ሕጉን ያወጣሁላት እኔ ይመስል፣ በኩራት ከመስመር ወጥቼ ባሕሩንም ነካካሁት።

በዚያን ጊዜ ጌታቸው ተስፋዬና ሰለሞን ተስፋዬ ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ሰፈር አብረው ይኖሩ ነበር። ጌታቸው የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሰለሞን የሆቴል ወጥ ቤት ይሠራሉ። የአባታቸው ስም ስለገጠመ ሐበሻው ሁሉ "ወንድማማቾቹ" ይላቸዋል፤ እነሱም አላረሙም። ስለተመቻቸው አይደለም፤ ሌላው ስም በማኅበር ስለማይነገር ነው። ፍቅረኞች መሆናቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ለመጋባት ሲወስኑ፣ ደችኛ ስለምችል፣ ለአስተርጓሚነት ማዘጋጃ ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

የመዝጋቢዋ ሴት ፊት ፈገግታ አይጠፋውም። እነማን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ዓለምን በአራት ቀለም የከፈልኩት ሊቅ፣ ለዓመታት ከአፌ ያልተለየውን አወጣሁ፦ "ወንድማማቾች ናቸው።"

ወረቀቱን አየች። ተስፋዬ፣ ተስፋዬ። የአያት ስም አልሰፈረበትም። እኛ የቤተሰብ ስም እንደሌለን፣ ሁለተኛው የአባት ስም እንደሆነ እያላበኝ አስረዳሁ፤ በገዛ አፌ ያልኩትን ግን መልሼ መዋጥ አልቻልኩም። ወንድም ወንድሙን በየትኛውም ቀለም አያገባም። አባቶቻቸው የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው በመሐላ ይመስክር አለች።

በመንገድ ላይ ጌታቸው አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አባቱን የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር አንድ ብቻ ነው፤ እትዬ በላይነሽ። የጌታቸው ቤተሰብ የድሮ ጎረቤት ናቸው፣ አምስተርዳም ስሎተርቫርት ሰፈር ይኖራሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ከቄሱ ቀድመው ይደርሳሉ። እሳቸው ፊት ከነሷቸው ሌላውም ይነሳቸዋል፤ ሁለቱ በዓል የሚውሉበት ቤት አይኖራቸውም። ያም ሆኖ ሄድን።

ሁዳዴ ነበር። ዝናብ የቀላቀለ ንፋስ ከትራሙ ጀምሮ እየገፋ አደረሰን። እትዬ በላይነሽ ምሥር እየለቀሙ ነበር። ጌታቸው አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገራቸው። እሳቸው ምሥሩን መልቀማቸውን ቀጠሉ። ሰለሞን ኮቱን እንኳ አላወለቀም፤ በሩን ያያል።

"የማላውቅ መስሏችሁ ነው?" አሉ በመጨረሻ። "ወንድማማች ብትሆኑ ኖሮ እስካሁን ተኳርፋችሁ ነበር።"

ከዚያ ወደ ሰለሞን ዞሩ። "አባትህ የት አገር ሰው ናቸው?"

"ጎሬ፣ እትዬ። ከዚያ ወጥተው አያውቁም።"

"የዚህ አባት ደግሞ ከጉለሌ ወጥቶ አያውቅም። መርካቶ እንኳ ሩቅ ነው ይል ነበር፤ ጎሬ ድረስ ሄዶ አንተን ሊወልድ?" ሳቃችን ሲያመልጠን ጣታቸውን ቀሰሩብን። "ስለ ሃይማኖቱ አትጠይቁኝ። ስለ ተስፋዬ ግን እምላለሁ። ደግሞ በጾም ሰርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ይሁን።"

ማሉ። የመርካቶውንም አልተውትም፤ ቃል በቃል ተረጎምኩ። መዝጋቢዋ ላለመሳቅ ታገለች፣ ተሸነፈች፣ ፈረመች።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዛፉ ሁሉ ባበበበት አንድ ዓርብ፣ እትዬ በላይነሽ ዶሮ ወጥ በፎጣ ጠቅልለው ከአምስተርዳም በባቡር መጡ። ተሳፋሪው ሁሉ የወጡ መዓዛ ስቦት እንደተከተላቸው ሲያወሩ እየኮሩ ነበር። እልልታቸውን የሰማ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ አደጋ መስሎት ሮጦ ገባ፤ የዶሮ ጭን ይዞ ወጣ።

ጌታቸውና ሰለሞን ዛሬ ሽበታም ባልና ባል ናቸው፤ መነጽሬን የት አደረግከው እየተባባሉ ይጣላሉ። ነገር ግን እነሱ በየበዓሉ ወንድማማች ሆነው ሲቀመጡ፣ ሕጉ ወጥቶ ነበር፣ አገሩም በካርታዬ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ተቀልሞ ነበር። ሕጉ አዳራሹን ከፈተላቸው፤ ስማቸውን የመለሰችላቸው አንዲት ጾመኛ ሴት ናት።

እናንተም በየማኅበራችሁ "ወንድማማቾቹ"፣ "ጓደኛሞቹ" የምትሏቸው አሉ። ታውቃላችሁ፤ አታሞኙኝ። ለመጪው በዓል ደውሉላቸውና "አንተም፣ ባልህም ኑ" በሏቸው።