ሃያ ጥይት ለአባ ኮዳ

የዩኒቨርሲቲ ግቢያችንን ዘበኛ ጋሼ ገብረየስን የማይፈራቸው አልነበረም። የመንዝ ሰው ናቸው፣ የቀድሞ ወታደር ናቸው፣ ቁመታቸው የዘበኛ ቤቱን በር ጎንበስ ብለው የሚያልፉት ዓይነት ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን መታወቂያ አመላከታቸው ነበር። የሰጧቸውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያገላብጡታል፣ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፣ ከዚያ «ስምህን ጮክ ብለህ ተናገር» ይላሉ። ፕሮፌሰር ሳይቀር በር ላይ ቆሞ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስሙን ከነአባቱ ይጠራል። ሥነ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው ይባል ነበር። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ስጣደፍ ከኪሴ ያገኘሁትን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አገላበጡ፣ ዳበሱ፣ ስም ጠየቁ። «ተመስገን» አልኩ። «ፎቶህ አርጅቷል፣ ቀይረው» ብለው መለሱልኝ። ቢሮ ገብቼ ሳየው በአራት የታጠፈ የውሃ ቢል ነው።

ለማንም አልተነፈስኩም። ጋሼ ገብረየስና ባለቤታቸው እማማ ብርሃኔ የሚኖሩት ከበሩ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሏ የምትሰጠው ለዘበኛው ነው። ዘበኝነቱ ከቀረ ክፍሏም ትቀራለች። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ዓመት ከምናምን ቀርቷቸው ነበር። አንድ ዘበኛ ባያይ ማን ይጎዳል ብዬ ተውኩት። ሌባ እንደሆነ እሳቸውን ገና ከሩቅ ሲያይ ይመለሳል።

የእኔ ሥራ ዓሣ መለካት ነው። በየሐሙሱ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ እወርዳለሁ፣ ከየጀልባው ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ እየመረጥኩ ከአፉ እስከ ጭራው ስንት ሴንቲሜትር እንደሆነ እጽፋለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ይህንን ስሠራ ዓሣው በየዓመቱ እያጠረ፣ ሪፖርቴ በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር ታቢታ ግን ማንበብ አላስፈለጋትም። ዓሣውን የጨረሰው አባ ኮዳ ነው ብላ ደመደመች። አባ ኮዳን ሀዋሳ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል፦ መላጣ፣ አንገቱ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ሲቆም የሰው ደረት የሚደርስ ወፍ ነው። አለቃዬ ዶክተር ሰለሞን፣ ወፉ ዓሣ እንደማያጠምድ፣ ሐይቁ ዳር ሴቶች ዓሣ ሲበልቱ የሚጥሉትን ጭንቅላትና አንጀት እንደሚለቅም ሊያስረዱ ሞከሩ።

«ዶክተር፣ እርስዎ ወፉን በመጽሐፍ ነው የሚያውቁት» አለች ታቢታ። «እኔ ግን አጠገቤ ቆሞ ነው የሚበላው።»

አምስት ስብሰባ በዚሁ አለቀ። በስድስተኛው ለሙከራ ሃያ ወፍ እንዲገደል ተወሰነ፣ ፈቃድም መጣ። ሙከራው ምን እንደሚሞከርበት ቃለ ጉባኤው አይገልጽም። ማን ይተኩስ ሲባል ሁሉም አንድ ስም ጠራ፤ ጋሼ ገብረየስ ከዛሬ አሥራ አራት ዓመት በፊት የጥበቃዎች የኢላማ ውድድር ላይ አንድም ሳይስቱ ዋንጫ ወስደዋል።

ሲነገራቸው «እሺ» አሉ። ቀጥለው፣ «ወፎቹ የሚቆሙት በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰውዬው ሀዋሳ ከመጡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ተሰብሳቢው ግን የጦር ሰው እቅድ እያወጣ ነው ብሎ በአክብሮት መለሰላቸው።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ብናገር ክፍሏ ትሄዳለች፤ ዝም ብል ቢበዛ አንድ ጀልባ ይበሳል። ጀልባ ይጠገናል አልኩና ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎቹ ሁሉ ዳር ወጡ፣ ሰዉም ወደ ኋላ ተደረገ። ጋሼ ገብረየስ ተንበርክከው ወደ ሐይቁ አነጣጠሩ። በመጀመሪያው ጥይት ወፎቹ በሙሉ ተነሡ። በሦስተኛው የሞተ እንደሌለ አይተው ተመለሱ። ከስድስተኛው በኋላ መነሣቱንም ተዉት። አሥራ አንደኛው ሲተኮስ አንዱ አባ ኮዳ ከጋሼ ገብረየስ ኋላ መጥቶ ቆሞ፣ እሳቸው የሚያነጣጥሩበትን አቅጣጫ ያይ ነበር። ሃያውም ጥይት ሐይቁ ውስጥ ገባ። ከዚያ መሬቱን በእጃቸው እየዳበሱ ቀለሃውን ለቀሙ። አንዳንዱ ሰው ጸሎት መሰለው።

ሳምንቱ ሳይሞላ ከተማው ሁለት ወሬ ያዘ። ግቢ ውስጥ፣ ጀግናው ወታደር ፍጡር መግደል አልሆንላቸው አለ ተባለ። አሞራ ገደል ደግሞ የግቢ ሰዎች ገዝተዋቸዋል ተባለ።

ሰባተኛው ስብሰባ ማክሰኞ ነበር። ዶክተር ሰለሞን በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ይዘው ተነሡ፤ ላዩ ላይ «ለዱር ሕይወት ላሳዩት ርኅራኄ» ይላል። ታቢታ ደግሞ በጠዋት ካወጣችው ዓሣ ጋር ቀጥታ ከሐይቁ ነው የመጣችው፤ ባልዲዋ እግሯ ሥር ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «አክብሬዎት ነው የምጠይቀው። ምን ቢሰጡዎት ነው?»

ወረቀቱን ቢቀበሉ ነገሩ ያልቃል። የታቢታ ሐሜት ሐሜት ሆኖ ይቀራል፣ ክፍሏም አትነካም። ይቀበሉት፣ ይቀበሉት እያልኩ በልቤ ለመንኩ።

ጋሼ ገብረየስ ተነሡ። «ዶክተር፣ ወረቀቱን ይውሰዱት። እኔ ለወፍ አላዘንኩም።» ወደ ታቢታ ድምፅ ዞሩ። «ጉቦም አልበላሁም፣ ልጄ። ዓይኔ አያይም። አራት ዓመት ሆኖታል። ሰው እንዳልመታ ወደ ውሃው ተኮስኩ፣ በቃ።»

ታቢታ ግን በቀላሉ የምታምን ሰው አይደለችም። ከባልዲዋ አንድ ዓሣ አንሥታ ከፍ አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

ጥቂት እርምጃ ቀረበች። «አሁንስ?»

«ድምፅሽ ቀርቧል» አሉ።

መጨረሻ ላይ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። መታወቂያ እንደሚዳብሱት ዳበሷት። አውራ ጣታቸውን ከጭንቅላቷ እስከ ጭራዋ አስሄዱ፣ ከሌባ ጣታቸው ጋር ለኳት።

«ቆሮሶ ናት» አሉ። «ከጣቴ ብዙም አትበልጥም። አንድም ቀን እንቁላል አልጣለችም።» ጉሮሮዋ ላይ ቆም አሉ። «እዚህ ጋ ክር ቆርጧታል። ይቺን ያወጣት ወፍ አይደለም፣ ጠባብ መረብ ነው። የማን ናት?»

ተንኮል አልነበረበትም። የማን እንደሆነች በእውነት አላወቁም። አርባ አስጋሪ ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«የኔ ናት» አለች ታቢታ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የእኔ አሥር ዓመት ሪፖርት ይህቺን ሁለት ቃል አላስወጣም። የአባ ኮዳ ጉዳይ ለስምንተኛው ስብሰባ ተላለፈ፤ ስምንተኛው ስብሰባ እስካሁን አልተጠራም።

ጋሼ ገብረየስ በማግስቱ መሣሪያቸውን አስረከቡ። ወር ሳይሞላ ክፍሏን ለቀቁ። ፍራሹን ባጃጅ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፤ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ጠባብ ቤት ተከራዩ። እማማ ብርሃኔ እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ ስለ ባላቸው ዓይን ምንም አላወቁም ነበር። መንገዱን ሙሉ የጋሼን እጅ ይዘው ሄዱ።

ሆስፒታል የወሰደቻቸው ታቢታ ናት። በሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ነበር። የግራው ተገፎ ዳነ። በቀኙ ላይ ሌላ በሽታ ተጨምሮበታል፤ ጠፍቷል፣ አይመለስም። «ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ሁለቱም ይተርፉ ነበር» አለ ሐኪሙ። የውሃ ቢሉን የሰጠኋቸው ልክ ያኔ ነበር።

አሁን ማኅበሩ አሞራ ገደል ወንበር ሰጥቷቸዋል። ጀልባ በወጣ ቁጥር እጃቸውን ባልዲ ውስጥ ይከታሉ፣ ጣት የምታህል ካገኙ ይጮኻሉ። በአንድ ዓይን ደህና አድርገው ያያሉ፣ ግን መዳበሱን አልተዉም። የታቢታን ባልዲ ሁልጊዜ አንደኛ ይፈትሻሉ። አባ ኮዳዎቹም ከኋላቸው ተሰልፈው ይቆማሉ።

ባለፈው ሐሙስ አላስችል ብሎኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የውሃ ቢሉን ነገር ነገርኳቸው። ስጨርስ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«ወረቀት መሆኑን በእጄ አውቄው ነበር» አሉ። «ትናገርብኛለህ ብዬ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዝም ስትል ጊዜ፣ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ።»

ጀልባ ደረሰ። እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተቱ።