የሁዳዴው አምባዛ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ ደግፌም ሳልነግረው ሞተ።

ከደግፌ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ አሮጌ መረብ መፍታት ነበር። ዶሮዎቹ የጎመን ችግኜን እየጫሩ ስላስቸገሩኝ በመረቡ ልናጥረው ነበር። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን። አንድ ቋጠሮ አልፈታ አለው። በጣቱ እየነካካ፣ «ይሄ የከማል እጅ ነው። እንደሱ የሚያጠብቅ የለም» አለ። ቋጠሮውን ሳይለቅ፣ «ምን አድርጌው ነው ግን?» አለኝ። እኔ «መቀስ ላምጣልህ?» አልኩት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። በሳምንቱ ሞተ።

ደግፌና ከማል ጊቤ ግድብ ላይ በአንድ ጀልባ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ከማል የቡታጅራ ሰው ነው፣ ሙስሊም። እኔና ደግፌ ኦርቶዶክስ ነን። ጀልባዋ ላይ ሕግ ነበራቸው፦ የጾመ አይቀዝፍም። በረመዳን ደግፌ ይቀዝፋል፣ በሁዳዴ ከማል።

«የናንተ ጾም ደግሞ አያልቅም! ክንዴን ጨረስከው እኮ» ይለዋል ከማል።

«አንተስ በረመዳን እንደ ሙሽራ ተቀምጠህ ስታዛጋ ምን አልኩህ?» ይለዋል ደግፌ።

እኔ ወልቂጤ ባለችን ሱቅ ሆኜ የሚልኩትን ዓሣ እያጸዳሁ እሸጥ ነበር። ግድቡ እንደ ወሩ ይለዋወጣል። በክረምት ውሃው ደፍርሶ ሣሩ ላይ ይወጣል፤ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ወደ ዳር ይመጣል። ያኔ ከማል ዳር ላይ መረብ መጣል አይወድም፤ «ይውለዱበት» ይላል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጠራ ቅርፊታሙ ዓሣ ቆሮሶ እንደልብ ይገኛል። በጋው ሲጠና ውሃው ይሸሽና ድሮ የተዋጡት ዛፎች ጉቶ ብቅ ብቅ እያለ መረቡን ይቀዳድደዋል። ሁዳዴ የሚገባው በዚያን ጊዜ ነው። ሰው ዓሣ አጥብቆ የሚፈልገው ቆሮሶ በሚጠፋበት ወቅት ነው። አምባዛ ግን ከጭቃው አይጠፋም። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ደግሞ በእኛ እምነት አይበላም። ከማል አምባዛውን ለሙስሊም ደንበኞች ለብቻው በሌላ ሳጥን ይልክልኝ ነበር።

እትዬ አስካለ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩኝ። የታመሙ እናታቸው ሌላ ምግብ እምቢ ብለው ዓሣ ብቻ ይቀምሱ ነበር። ለእሳቸውም ለሌሎቹም አገኛለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የመጣው ቆሮሶ ግን ለግማሹም አይበቃም። ባዶ እጃቸውን ልመልሳቸው አፈርኩ። ማፈር ምክንያት ይሆናል? አይሆንም። አምባዛውን ገፈፍኩ። ጭንቅላቱን ቆርጬ ጣልኩ። ሥጋውን ከቆሮሶው ጋር ቀላቀልኩ። ማንም አላዘዘኝም። እኔ ገፈፍኩ፣ እኔ ቀላቀልኩ፣ እኔ ሸጥኩ።

የእትዬ አስካለ ወንድም ዝዋይ ያደገ ስለሆነ፣ የተረፈውን ገና ሲያየው አወቀው። እትዬ አስካለ ይዘውት መጡ። ሱቁ ፊት ሰው ተሰበሰበ። «እናቴን በስተርጅናዋ፣ በጾም ምድር፣ አምባዛ ታበሏት!» ብለው ጮኹ። ደግፌና ከማል ከግድቡ መመለሳቸው ነበር፤ ገና ከሚኒባስ እንደወረዱ ደረሱ። ደግፌ ወደ እኔ ዞረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተቆርጦ ነው የመጣው» አልኩ።

ደግፌ ከማልን አየው። «ጾሜን እያወቅህ?» አለው። «ስትቀዝፍልኝ ከርመህ?»

ከማል እኔን አየኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ «ተሳስቼ ነው። አውፍ በሉኝ» አለ።

ሰው ግን ስህተት ነው ብሎ አልተቀበለውም። በጾማችን ሊቀልድ ሆነ ብሎ ነው ተባለ። ከማል ወልቂጤ ላይ መሥራት ስላልቻለ ቡታጅራ ገባ። ደግፌ ከሌላ ሰው ጋር ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ጀልባዋን ሸጠ። እኔስ? ራት አቀረብኩለት። ልብሱን አጠብኩለት። አንድ ቀን ልነግረው አልችልም ነበር? እችል ነበር። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ በጋ መጥቶ ሄደ፣ ስንት ሁዳዴ አብረን ጾምን። በእያንዳንዱ ቀን እችል ነበር።

ከማል ለደግፌ ቀብር መጣ። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። በኋላ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ከኋላዬ ጎረቤታችን ብርቄ፣ «ያ አምባዛ ያበላን ሰውዬ አይደል እንዴ? ምን ዓይነት ደፋር ነው!» ስትል ሰማሁ። አሁንም ዝም አልኩ። ባሌ ሞቶ፣ የምፈራው ሰው ሳይኖር፣ ዝም አልኩ።

ሲሄድ እስከ መንገዱ ሸኘሁት። «ከማል፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተይው እቴ» አለኝ። «አምባዛውን ከነጭንቅላቱ አይደል የላክሁት? ያኔውኑ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ባልሽ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል? ቤትሽን ላፍርስ?» ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «እሱ ግን አምኖብኝ መሞቱ…» አለ። ሚኒባሱ ቆመ። «አላህ ያጽናሽ» ብሎኝ ገባ።

ስለ ደግፌ እንደ ሰው አላለቀስኩም። ድንጋጤ ነው ይሉኛል። እኔ እንጃ። ጠዋት እነሳለሁ፣ ዶሮዎቹን እለቃለሁ፣ በተቀመጥኩበት ይመሻል። የማውቀው የሠራሁትን ነው። እሱን ይቅር በለኝ ልለው አልችልም፤ የለም። ከማልን ይቅርታ ብጠይቀው ይቅር ይለኛል፤ ስለሚለኝም ልጠይቀው አልደፍርም። ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ለራሴ ይጠቅመኝ ይሆናል። የከማል ስም ግን የጠፋው በሰው አፍ ነው።

እትዬ አስካለ ዛሬም እዚያው ቤታቸው ይኖራሉ። ጥቁር ነጠላዬን ለብሻለሁ። አሁን ወደ እሳቸው እሄዳለሁ፤ ከእሳቸው ወጥቼ ወደ ብርቄ።