እጅሽን ዘና አድርጊ

በእንጅባራ አቅራቢያ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ የደም ግፊት መለካት ነበር። ክንድ ሳስርና ስፈታ ዋልኩ። አለቃዬ ጤና መኮንኑ አቶ ሙሉቀን ፍጥነቴን አመሰገኑ። እኔም ፍጥነትን ለዓመታት እንደ ሙያ ቆጠርኩት።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከጥርባ መንደር የመጡት በዘጠነኛው ዓመቴ ነው። እንቅርታቸውን በቀዶ ሕክምና ካስወጡ ሳምንት አልሞላቸውም። ከንፈሬን ይነዝረኛል፣ ጣቶቼ ይጨመደዳሉ አሉ። አማርኛው ሲያጥራቸው ባላቸው ከአዊኛ እየተረጎሙ ይነግሩኝ ነበር።

መለኪያውን አስሬ አየር ስሞላ እጃቸው ከአንጓው ታጠፈ፤ ጣቶቻቸው ተገጥመው ደረቁ።

«እጅሽን ዘና አድርጊ» አልኳቸው። በዕድሜ እናቴ ናቸው፤ አንቺ አልኳቸው።

«እምቢ አለኝ፣ ሲስተር።»

ሰልፉ ረጅም ነበር። ካርዳቸው ላይ «ጭንቀት» ብዬ ጻፍኩና ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ባልየው በር ላይ ቆመው ሌላ ነገር አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይረፉ፣ ይለቃቸዋል አልኩ።

በማግስቱ ባላቸው በባጃጅ አመጧቸው። ሰውነታቸው ተገትሯል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል። አንድ ጎረቤት «ቡዳ በልቷቸው ነው» ብሎ ነበር፤ ባልየው ግን እሱንም እኔንም አላመኑም።

አቶ ሙሉቀን በወይዘሮ ጥሩነሽ አንገት ላይ ያለውን የቀዶ ሕክምና ቁስል እንዳዩ፣ ለድንገተኛ ጊዜ ከሚቀመጥበት ከማዋለጃ ክፍል በመርፌ የሚሰጥ ካልሲየም አስመጡ። የልባቸውን ምት እያዳመጡ በደም ሥር ቀስ አድርገው ሰጧቸው። ጣቶቻቸው ሲፈቱ ቆሜ አየሁ።

አምቡላንስ እስኪመጣ አስረዱኝ። ከእንቅርቱ ጀርባ የደምን ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሥራቸውን ካቆሙ ካልሲየም ይወርዳል፤ ያኔ ነርቭ ጡንቻን ያለ ፈቃድ ያኮማትራል። ክንድ ሲታሰር እጅ መታጠፉ አንዱ ምልክት ነው።

«ትናንት ስትለኪያቸው እጃቸው ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

ባልየው አጠገቤ ነበሩ። እጃቸው ሲታጠፍ አይተዋል። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

እውነቱን ለአቶ ሙሉቀን የነገርኳቸው ከሳምንት በኋላ ነው። አልተቆጡም። ካርዱን አውጥተው ያየሽውን ጻፊበት አሉኝ። ጻፍኩ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ድነው ለክትትል ሲመጡ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«እኔኮ አምኜሽ ነበር» አሉ። «እጄን ለምን አልታዘዝሽም እያልኩ ስቆጣት አደርኩ።»

የሚጨመደድ ጡንቻ ቁጣ አይፈታውም። ነርስ አስቀድማ ያየችውን ትጻፍ፤ የመሰላትን ከዚያ በኋላ።